ከሰል የሚከለክል፣ ሻወሩን ግን ለእንግዳው ኃላፊነት የሚተው ፔንሲዮን

በጠባሴ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ሲገቡ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን ነው። ስሙን አልጽፍም። ከታች ስለ ሻወሩ የምለው አለኝ፤ ባለቤቷም ክፉ ሰው ስላልሆኑ ገበያቸውን መዝጋት አልፈልግም። ሥራዬ ወፍጮ መትከልና መጠገን ነው። ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ ከአንኮበር እስከ ሸዋ ሮቢት ስዞር ቺንጋውንም ኩሽኔታውንም የምገዛው ደብረ ብርሃን ስለሆነ እዚያ ማደሬ አይቀርም። አልጋው ደህና ነው፤ አንሶላው ንጹህ ነው። ይህን አስቀድሜ ልበልና ወደ ዋናው ጉዳይ ልሂድ።

ቤቱ ሁለት ማስታወቂያ ለጥፏል። አንደኛው ከክፍሉ በር ጀርባ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ «ከሰል ወደ ክፍል ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በኮምፒውተር ተጽፎ በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ «የሻወር ማሞቂያውን በራስዎ ኃላፊነት ይጠቀሙ» ይላል። የመጀመሪያውን ያነበበ እንግዳ ይነጫነጫል፤ ሁለተኛውን ያነበበ ደግሞ ምንም ሳይመስለው ውሃውን ይከፍታል። እኔ በተቃራኒው ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ደብረ ብርሃንን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ብርዱን መንገር ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ግን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎ ያድራል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። «ጃኬት ይበቃኛል» ብሎ የመጣ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጋቢ ሲጠይቅ ታያላችሁ። በዚህ ብርድ በብዙ ማደሪያ ቤት «ጋሼ፣ ከሰል ላምጣልዎት?» መባል የተለመደ ነው። ትንሽ ብር ትጨምራለህ፣ የተቀጣጠለ ማንደጃ አልጋህ እግርጌ ይቀመጥልሃል፣ በሩ ይዘጋል፣ ነፋስ የሚያስገባው ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። ሙቀቱ ግሩም ነው። ክፋቱም ይኸው ነው።

አንድ ምሽት ቁልፍ ልቀበል ስገባ አንድ የበግ ነጋዴ ከባለቤቷ ጋር ሲከራከር ደረስኩ። ሁሉም ሰው «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልቀጥል። ሰውዬው ከሞላሌ በኩል በጎች አምጥቶ ሸጧል፤ የደብረ ብርሃንን አረቄም ቀመስ አድርጓል። ከሰሉን ራሱ ገዝቶ በፌስታል አንጠልጥሏል፤ የጎደለው ማንደጃ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ለአልጋው ከፍያለሁ። ከሰሉ የኔ ነው። ብርዱ የሚበላውም እኔን ነው። እርስዎን ምን አገባዎት?»

«ከሰልህን ጠዋት ትወስደዋለህ፤ ማንም አይነካብህም።»

«ሕፃን አይደለሁም እኮ! ቤቴም እንዲሁ ነው የምተኛው። ብሞትስ? ነፍሴ የራሴ ናት።»

«ነፍስህ የራስህ ናት» አሉት፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፤ «ሬሳህ ግን የኔ ነው። ጠዋት በሩን የማሰብረው እኔ፣ ፖሊስ የምጠራው እኔ፣ ለሚስትህ የምደውለው እኔ። ይልቅ ሂድና እዚያ ዳሱ ውስጥ እሳት ሙቅ፤ ሻይ ይመጣልሃል።»

ሰውዬው ሳቀ፤ ፌስታሉን አስረክቦ ወደ ዳሱ ሄደ።

የነጋዴው ክርክር ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። እኔ ራሴ ሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ የምከራከረው እንደሱ ነው። ደንብ አብዝቶ የሚወድ ሰው አይደለሁም። በወፍጮ ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የሚዞረው ቺንጋ ሽፋን ሊኖረው ይገባል፤ ባለ ወፍጮው ግን «ቺንጋ ለማጥበቅ ያስቸግራል» ብሎ ሽፋኑን ይፈታና ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ስንት ቦታ ሽፋኑን ገጥሜ ሄጄ ስመለስ የዶሮ መቀመጫ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ወፍጮውን ከሚያንቀሳቅሰው ሰው ጋር በዚህ አልጣላም። ቺንጋው እየጮኸ ነው የሚዞረው፤ ሰውዬው ያየዋል፣ ይሰማዋል፣ እጁን የት እንደሚያኖር ያውቃል። ጸቤ እህሏን ልታስፈጭ ለምትመጣው ሴት ነው። ነጠላዋ ተንጠልጥሏል፣ ልጅ አዝላለች፣ ዱቄቱ ዓይኗን ጋርዶታል፣ ስለ ማሽኑም የነገራት የለም። ሽፋኑ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው። ባለ ወፍጮው «ትጠንቀቅ» ሲል ሳቄ ይመጣል፤ ከምን እንደምትጠነቀቅ መች ነገራትና።

እንግዲህ ከሰሉን በዚህ መዝኑት። የተቀጣጠለ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ከሳንባ ወደ ደም ሲያልፍ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ የመያዝ ኃይሉ ደግሞ ኦክስጅን ካለው ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ሰውዬው ወደ ንጹህ አየር ከወጣ በኋላ እንኳ በደሙ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት ኦክስጅን በጭንብል ሲሰጠው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል። ለዚህ ነው «ከሰል አፈነው» የተባለን ሰው ወደ ደጅ አውጥቶ፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ማድረስ የሚሻለው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት ማንቆርቆር ሌላ አደጋ መጨመር ነው።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እነዚህ ሁሉ ሌላ ስም አላቸው። እንግዳው «ከፍታው ነው» ይላል፤ ሌላው «ጉንፋን ያዘኝ» ይላል፤ የጠጣው «አረቄው ነው» ይላል። ከፍታው ራሱ የምንተነፍሰውን ኦክስጅን አስቀድሞ ስላሳነሰው ጉዳቱ ይብሳል። የተኛ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ነጋዴው «ኃላፊነቱ የራሴ ነው» ሲል ያንን ኃላፊነት የሚሸከምለት አእምሮው ነው። ይህ ጋዝ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደነዝዘው አእምሮን ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ «አሁንስ በዛ፣ መስኮት ልክፈት» የሚል ሰው ክፍሉ ውስጥ አይኖርም። ቺንጋው ይጮሃል፤ ይኼኛው አይጮህም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ከእትዬ ጋር ነኝ።

ደግሞም ነፍሱ የራሱ ብትሆን ኮርኒሱ የጋራ ነው። በዚህ ቤት ክፍሎቹን የሚለየው ግድግዳ እስከ ጣሪያው አይደርስም፤ ከላይ ኮርኒስ ተወጥሮበታል፤ የጎረቤቴን ማንኮራፋት እንደ ራዲዮ አዳምጬ ነው የማድረው። ማንኮራፋቱ ያለፈበት ጋዙም ያልፋል። መንዝ የተወለደ ሰው ይህ አይጠፋውም። የጓሳን ሣር አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ ሣር መጠበቂያ ሥርዓት ዘግተው ለዓመታት ያቆዩት፣ ሲከፈትም በወግ ያጨዱት፣ አጫጁን ከራሱ ለማዳን ብለው ይመስላችኋል? የአንዱ እጅ የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ ነው። እንዲህ ያለውን ደንብ የሀገሬ ሰው ሳይነጫነጭ ያከብራል።

«ከሰሉ ከነደደና ነጭ አመድ ከለበሰ አይጎዳም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ውሸት ነው፤ ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ጭሱ እንዲያውም ውለታ ይውላል፤ ያስለናል፣ በር ያስከፍተናል። ማንደጃው አጠገብ ውሃ በሳህን የሚያስቀምጡም አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ውሃው የሚጠቅመው እሳት ቢነሳ ለማጥፋት ነው።

ደንብ ከልካይ ብቻ ሲሆን ሰው በጓሮ በር ያልፈዋል። ይህን ቤት የምወድለት ነገር ሲከለክል ምትክ መስጠቱ ነው። ሁለት የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ አልጋው ላይ አለ፤ ሦስተኛ ሲጠየቅ ያለ ክርክር ይመጣል። ማታ 3 ሰዓት ግድም ልጅቷ በሩን ታንኳኳና በጎማ ከረጢት የፈላ ውሃ ትሰጣለች፤ በፎጣ ጠቅልላ ነው፣ እግር እንዳያቃጥል። ብርድ ልብሱ ሥር ካስገቡት እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ይቆያል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ጎኖቹ ክፍት የሆኑ ዳስ አለ፤ ትልቅ ማንደጃ መሃሉ ላይ ተቀምጦ እንግዳው ሁሉ ከብቦ ይሞቃል፤ ቆሎ ይመጣል፣ የገብስ ዋጋ ይወራል፣ የመንዝና የቡልጋ ሰው ይተራረባል። ቡናውም የሚፈላው እዚያው ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ፍሙ አመድ ተደፍቶበት እዚያው ደጅ ይቀራል። ከሰል የተከለከለው ሰው የሚሄድበት ቦታ አለው ማለት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መለጠፉን እንጂ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ አያውቀውም።

አሁን ወቀሳው። በሩ አጠገብ የጥበቃ ሠራተኛው የቆርቆሮ ጎጆ አለች። ማታ ውሃ ልገዛ ስወጣ አየሁ፤ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፣ እግራቸው ሥር ማንደጃ ፍም ሞልቶ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ይኼ እዚህ ይፈቀዳል እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያ ለእንግዳ ነው» አሉኝ። «እኔ በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ፤ ቆርቆሮውም ቀዳዳ ነው።»

ገርበብ ያለው በር ነፋስ ሲመጣ ሊዘጋ ይችላል፤ ብርዱ ሲጠና ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ይዘጉታል። ለእትዬ ነገርኳቸው። «እሱ አይተኛም፤ ጥበቃ እኮ ነው» አሉኝ። ሌሊት ሙሉ የማይተኛ ዘበኛ ያየ ካለ ይንገረኝ! እንግዳው የሚከፍል ስለሆነ ደንቡ ይጠብቀዋል፤ የሚጠብቀንን ሰው ግን አይጠብቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ እንዲጠቀምና መመሪያ እንዲያከብር ያዛል። ሁለቱንም ወገን ነው የያዘው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይጠፋኝም። መጀመሪያ የሚሰጠው ነገር መኖር አለበት። የጎማ ከረጢት አንድ ቢጨመር፣ ከሦስቱ ብርድ ልብስ አንዱ ወደ ጎጆዋ ቢሄድ እትዬ አይደኸዩም።

ወደ ሻወሩ ልምጣ። ከቧንቧው ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ ውሃውን በሚያልፍበት ቅጽበት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ነው፤ የማታውቁት አይደለም። እኔ ልማድ ስለሆነብኝ ከቦርሳዬ ቴስተር አይለየኝም። ሽቦውን ቀና ብዬ ሳየው ከሦስቱ አንዷ፣ የሚያፈስ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የምትወስደው የኧርዟ መስመር፣ ተቆርጣ በፕላስተር ተጠቅልላለች። ወደ ብሬከር ሳጥኑ ሄድኩ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያቋርጠው፣ በ30 ሚሊአምፔር የሚሠራው ዓይነት ብሬከር የለም። በ220 ቮልት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። የማሞቂያው ውስጠኛ መከለያ ቢበላሽ ኧርዝ የሌለው ኤሌክትሪክ መሄጃ የሚፈልገው በውሃውና ከሥሩ በቆመው ሰው በኩል ነው። ከላዩ ደግሞ ያ ቆንጆ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «በራስዎ ኃላፊነት ይጠቀሙ»።

በምን ኃላፊነቴ? የቀረው ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ነው። የገጠመውን ሰው አላውቀውም። መፍቻ ይዤ ብፈታው ደግሞ ንብረት አበላሸህ እባላለሁ። ማየት የማልችለውን፣ መንካት የማይፈቀድልኝን ነገር «ያንተ ኃላፊነት ነው» ማለት ዕዳ ማስተላለፍ ነው። የከሰሉ ደንብ ቤቱን ልፋት ያስወጣዋል፤ ውሃ ማፍላት፣ ዳስ መሥራት፣ ከሰካራም ጋር መከራከር። የሻወሩ ማስታወቂያ ያስወጣው የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው። አንድ ማስታወቂያ ደህንነት ይሁን ማምለጫ ለመለየት የምጠቀምበት መለኪያ ይኸው ነው፤ የለጠፈው ሰው ከለጠፈ በኋላ ምን ሠራ?

እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ወረቀቱን ያጻፈኝ ኤሌክትሪሺያኑ ነው» አሉ። «‘ይህን ለጥፉ፣ ከዚያ ማንም አይጠይቅዎትም’ ብሎኝ ነው።»

«እትዬ፣ ‘ሬሳህ የኔ ነው’ ሲሉ ሰምቼዎት የለ እንዴ?»

«እሱን ለሰካራም ነው ያልኩት!» ብለው ሳቁ። ቢሆንም ልጅቷን ጠርተው የዚያን ክፍል ብሬከር አስጠፉት፤ እኔም ውሃ በባልዲ ተሞቆልኝ ታጠብኩ። ባለሙያ አምጥተው ኧርዝ ያስገቡ ይሆን፣ ወይስ ብሬከሩን ለሚቀጥለው እንግዳ መልሰው ያበሩት ይሆን፣ እንደገና ሳድር አየዋለሁ። እስከዚያው እዚያም ሆነ ሌላ ቤት የምታድሩ ሰዎች ቀና ብላችሁ ሽቦውን እዩ፤ ሁለት ብቻ ከሆነ ወይም ሦስተኛዋ ተቆርጣ ከሆነ በባልዲ ታጠቡ።

በዚሁ ቤት አንድም ማስታወቂያ የሌለው፣ አደጋ ያለበት ሌላ ነገርም አለ። ወደ ጣሪያው የምታስወጣ የብረት መሰላል ናት። ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ሰገነት አለ፤ አንሶላ ያሰጡበታል። ዙሪያውን መደገፊያ የለውም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እዚያ ወጥቶ መሞቅ ከቁርሱ ይበልጣል፤ የበሬሳ ወንዝ አቅጣጫ፣ ሜዳው፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ሁሉ ይታያል። በዚህ አልወቅሳቸውም። ጠርዙን ዓይኔ ያየዋል፤ ብወድቅ የት እንደምወድቅ አውቃለሁ፤ ካልፈለግሁም አልወጣም። ጣርማ በር ላይ መኪና አቁሞ ቆላውን ቁልቁል ለማየት ወደ አፋፉ የሚጠጋ ሰው አጥር ይሠራለት ብዬ አልጮህም፤ ነፋሱ ራሱ ይነግረዋል። ልጅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ግን ሌላ ነው፤ ቢያንስ መሰላሏ ሥር መቆለፊያ ያላት በር ብትኖር ጥሩ ነበር። ለእትዬ ይህንንም ብያቸዋለሁ፤ «አንተ ደግሞ ቤቴን ልታፈርሰው ነው» ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም።

ሌላውን ባጭሩ። ቁርሱ ቅንጬና እንቁላል ፍርፍር ነው፤ ቅንጬው ቅቤ አይሰስትም። የገብስ ገንፎ ለማስገንፋት ማታ መናገር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ፤ ከግቢው ጥግ ከክፍሎቹ ርቆ መቀመጡን አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ስንት ቤት ነው ኮሪደር ውስጥ የሚያስነሳው። መኪና ማቆሚያው ሦስት ፒካፕ ይይዛል። አልጋው 700 ብር ነው፤ ለከረጢቱም ለተጨማሪ ብርድ ልብሱም አያስከፍሉም። ክፍል ስትይዙ በግቢው በኩል ያለውን ጠይቁ፤ በመንገዱ በኩል ያለው ወደ ኮምቦልቻ በሚያልፈው ሲኖትራክ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚያድረው።